ከእሳቱ ዳር የተነሣው እንግዳ

ለአፋፍ ማርያም የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ
ለክቡር አቶ ማዕረግ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልን ብርድ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ከእጅዎ ሲደርስ እርስዎ በሙሉ ጤንነት፣ ቤተሰብዎ በሰላም፣ እግሮችዎም በሚገባቸው ሙቀት ላይ እንዲገኙ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኛ የመንዝ አፋፍ ማርያም ሰዎች ጭጋጉ ሲገልጥልን እየተሳሳምን፣ ሲጋርደን በድምፅ እየተዋወቅን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። ደብዳቤዬን በአደባባይ ማውጣቴ ድፍረት እንዳይሆንብኝ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። በቢሮዎ በኩል ላቀርበው በተመላለስኩ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ፤ ምስጋና ደግሞ ካደረ ይሻግታል።

ምስጋናዬ የሚጀምረው ከአንድ ንግግርዎ ነው። ባለፈው ሰኞ ከሰዓት በኋላ በሆስፒታሉ ኮሪደር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ዘበኛው ፈንታ ከጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሕዝቡ «ሙቀት ክፍል» ከሚለው ማለቴ ነው፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያዋን አቅፎ ሲወጣ፣ እርስዎም ገመዷን እንደ ሙሽራ ቬሎ ከኋላ ይዘው ሲከተሉት አየሁ። ፈንታ ደግ ሰው ነውና ቆም ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ሕፃኑስ?» አለዎት። እርስዎም፣ «ሕፃን ቢበርደው አያስታውሰውም፤ እንግዳ ግን አይረሳም» አሉት።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ስለሆንኩ የሰማሁትን ሳላጣራ አላሳልፍም። ቤቴ ገብቼ አሰብኩበት፤ የገዛ ልደቴንም መረመርኩ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ «አንተ የተወለድከው ውሻው እንኳ ከደጅ ገብቶ ባደረበት በኅዳር ውርጭ ነው» ትለኝ ነበር። እውነትም ምንም ትዝ አይለኝም። እንግዲህ የንግግርዎ ግማሽ በአንድ ምስክር ጸንቷል። የቀረው ትንሽ ጥያቄ ነው፤ ይህ ሕፃን አድጎ፣ ብርዱ ይቅርና፣ የእናቱን ስም ማስታወስ ይችል ይሆን ወይ የሚል። ሙቀት ክፍል የገባውም እንዳጋጣሚ ለዚሁ ጉዳይ ነበር።

ክቡርነትዎ የብዙ ሥራ ባለቤት ስለሆኑ የትኛውን ሕፃን እንደማነሣ ላስታውስዎት። እናቱ ጥሩሸዋ ትባላለች፤ የእህቴ የደብሪቱ ልጅ ናት። ምጡ ጸንቶባት በቃሬዛ ተጭና፣ ከመኪናው መንገድ ወዲህ ደግሞ በአምቡላንስ ደርሳ፣ እሑድ ጠዋት ወንድ ልጅ ተገላገለች። ደብሪቱ በአገራችን ወግ ለወንድ የሚገባውን ሰባት እልልታ ልታደርስ ከደጅ ሆና ጀመረች። ሁለተኛው ላይ አቆመች፤ ከውስጥ የሕፃን ድምፅ አልመለሰላትምና። እንደሚያውቁት በእኛ ዘንድ ወደ ሰው ቤት የሚመጣ ሁሉ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል። የእኛ ልጅ ቤቶች ሳይል ገባ።

ዶክተር ቤተል በትንፋሽ ፊኛ አየር እየሰጠች መለሰችው። መተንፈሱን ተነፈሰ፤ ነገር ግን እንደ ረጠበ ጋቢ ሰውነቱ የላላ፣ ዓይኑን የማይገልጥ፣ አንድ እጁ ብቻዋን የምትንቀጠቀጥ ሆነ። በምጡ ጊዜ አየር አጥሮት አንጎሉ እንደ ተጎዳ ነገረችን። በሕክምና ቋንቋ ኢንሰፋሎፓቲ ይሉታል አለች። ልጁ ገና ስም አልወጣለትም፤ ሕመሙ ግን ይህን የሚያህል ስም ይዞ መጣ።

ቀጥላም እንዲህ ስትል አስረዳችን። «ጉዳቱ ባንድ ምት አያበቃም። መጀመሪያ ይመታና ጋብ ይላል፤ በሚቀጥሉት ቀናት ደግሞ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል። የሞተውን የአንጎል ክፍል ማስነሣት አልችልም። የእኔ ሥራ በተረፈው ላይ ሌላ መከራ እንዳይጨመርበት መጠበቅ ነው። አይበርደውም፣ አያተኩሰውም፣ ስኳሩ አይወርድም፣ ሲያንቀጠቅጠው ቶሎ እናስቆምለታለን፣ ኦክስጅኑ አያንስም፣ አይበዛምም። ያለ ምክንያት አይነካም፤ አጠገቡ አይጮኽም።»

ደብሪቱ ይህን ሁሉ አዳምጣ ስታበቃ፣ «ገባኝ ልጄ፤ እንደ ታቦት ነዋ! ሳይነኩ መጠበቅ» አለቻት። ዶክተሯም፣ «እንደሱ ነው እማማ» ብላ ተስማማች። ከሕክምና ትምህርት ቤት ውጭ እንዲህ አጭር ትምህርት ሰምቼ አላውቅም።

እንግዲህ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር የማሰፍራቸው ቅሬታዎች እንዳይመስልዎት እማጸናለሁ። ውለታዎች ናቸው።

፩ኛ/ ስለ ማሞቂያዋ።

የሙቀት ክፍሉ አልጋ የራሱ ማሞቂያ እንዳለውና እንደተበላሸ ይታወቃል። መለዋወጫው ካለፈው ጥምቀት ጀምሮ ከአዲስ አበባ በመምጣት ላይ ነው፤ በእግሩ የሚመጣ ሳይሆን አይቀርም። ስለዚህ ክፍሉን ታሞቅ የነበረችው ፈንታ ያቀፋት ማሞቂያ ብቻ ነበረች። እርስዎ ግን ማክሰኞ ለሚካሄደው መድረክ የድንጋዩ አዳራሽ ከዋዜማው ጀምሮ ካልሞቀ እንግዶቹ እንደሚንቀጠቀጡ አስቀድመው አሰቡ። የመድረኩ ርእስ ምን እንደሆነ ባነሩ ሲሰቀል አንብቤአለሁ፤ «የጨቅላ ሕፃናትን ሕይወት በጋራ እንታደግ!» ይላል። ማሞቂያዋ ከሕፃኑ ሥር ተነሥታ ከባነሩ ሥር ተቀመጠች። ዓላማዋን አልሳተችም፤ ከተግባር ወደ ፖሊሲ አደገች እንጂ።

፪ኛ/ ስለ ሳይንሳዊ ማብራሪያዎ።

ዶክተር ቤተል ማሞቂያዋን ለመጠየቅ ቢሮዎ ስትገባ እኔ ከበሩ ላይ ተራ እጠብቅ ነበርና፣ በሩም እንደ ብዙዎቹ የሆስፒታሉ በሮች አይገጥምምና፣ የሰጧትን ትምህርት ለመካፈል በቃሁ። «ዶክተር፣ አንቺ ወጣት ሆነሽ ኢንተርኔት አታዪም እንዴ? በሠለጠነው ዓለም እንዲህ ያለውን ሕፃን ሆን ብለው ነው የሚያቀዘቅዙት! እነሱ በስንት መሣሪያ የሚያገኙትን ብርድ ለመንዝ እግዜር በነፃ ሰጥቶታል» አሏት።

እኔም አጣራሁ፤ እውነት ነው። በዚያ አገር ያቀዘቅዙታል። የሚያቀዘቅዙት ግን የሰውነቱን ሙቀት ከተወሰነለት ልክ ወዲያ ወዲህ በማያስብል መሣሪያ፣ ልቡንና ትንፋሹን፣ ስኳሩንና ደሙን ያለ ማቋረጥ እየተከታተሉ፣ ሲያበቁም ቀስ በቀስ እያሞቁ ነው። በእኛ ሆስፒታል መሣሪያው መስተዋቱ ረግፎ በካርቶን የተደፈነው መስኮት ነው። ልዩነቱ እንግዲህ የዝርዝር ጉዳይ ነው። ዶክተሯ በትሕትና፣ «አቶ ማዕረግ፣ በልክ የሚሰጥ ብርድ ሕክምና ነው፤ ልክ የሌለው ብርድ ብርድ ብቻ ነው። መከታተያው ሳይኖር ማቀዝቀዝ እንደሚጎዳም ተጠንቷል። እኔ የምፈልገው እንዳይበርደው፣ እንዳያተኩሰውም ነው» ስትልዎት፣ «ከስብሰባው በኋላ ይመለስልሻል» ብለው አሰናበቷት።

በነገራችን ላይ ደብሪቱ ስለዚህ የብርድ ሕክምና ብነግራት ጥቂት አሰበችና፣ «ብርድ ጭንቅላት የሚያበጅ ቢሆንማ የጓሳ ተራራ ቀበሮ ሁሉ ዲግሪውን በጫነ ነበር» አለች። ያልተማረች ሴት ናትና አይፍረዱባት።

፫ኛ/ ስለ ድምፅ ማጉያው።

አዳራሹ ከግቢው ማዶ ነው። ድምፅ ማጉያው ግን ከሙቀት ክፍሉ መስኮት በላይ ተሰቅሏል። ለምን እዚያ እንደሆነ የተከበሩትን የድምፅ ባለሙያ ብጠይቃቸው፣ «ሚስማሩ ያለው እዚያ ነዋ!» አሉኝ። መልስ የማይገኝለት ምክንያት ነው። ከዚያም፣ «ሄሎ… ሄሎ… አንድ፣ ሁለት… ይሰማል? ይሰማል ወይ?» እያሉ እስኪመሽ ጠየቁ። በሙቀት ክፍሉ በር ላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ ድምፅ ማጉያው ግን በመስኮት በኩል ስለሆነ ማስታወቂያውን አላየውም። በመጨረሻ ደብሪቱ አዳራሹ ድረስ ተሻግራ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ይሰማል! ዘመሮ ገበያ ድረስ ይሰማል! እኛ የምንጠብቀው ሌላ ድምፅ ነው፤ እሱን እስክንሰማ ያንተን ዋጠው!» ብላ ገመዱን ነቀለችው። ለደረሰው የመሣሪያ መጉላላት በቤተሰቡ ስም ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፬ኛ/ ስለ ጉብኝቱ ልምምድ።

እንግዶቹ ሙቀት ክፍሉን ሲጎበኙ የት የት እንደሚቆሙ አስቀድሞ ለማወቅ፣ ሰኞ አመሻሽ ላይ ባልደረቦችዎን አስከትለው መግባትዎ የአሠራር ጥራት ምልክት ነው። በሩ ተከፍቶ ስለቆየም ብርዱ አብሮ ለመለማመድ ዕድል አገኘ። አንደኛው ባልደረባዎ የሕፃኑን ጉንጭ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ። ሌላው በዕድሜ የገፉት እንደ ወጋችን «እደግ፣ እንትፍ፣ እንትፍ!» ብለው መረቁት፤ ምርቃቱን ተቀብለን ርጥበቱን ዶክተሯ ጠረገችው። ሦስተኛው ደግሞ ካሜራቸውን ደግነው፣ «ፊቱ ወደዚህ ቢዞር» ሲሉ፣ ደብሪቱ ከበሩ ላይ፣ «ታቦት ለፎቶ ይዞራል እንዴ!» ብላ ጮኸች። ጸጥታ ይከበር የሚለውን ማስታወቂያ ስለጣሰች ተቆጥተዋት ወጡ። ተገቢ ነበር።

ውለታዎቹን በዚሁ ልግታ። ያ ሁሉ ጎብኚ ከወጣ በኋላ ዶክተር ቤተል ሙቀቱን ስትለካው ወርዶ፣ ወርዶ ተገኘ፤ ያችው እጁም እንደገና መንቀጥቀጥ ጀመረች። መድኃኒቱን ሰጥታ፣ ስኳር ያለበትን ጉሉኮስ አስተካክላ፣ መንቀጥቀጡ ሲቆምለት ጥሩሸዋን አስተኝታ ልጁን ራቁቱን ደረቷ ላይ፣ ቆዳ ለቆዳ አስተኛችው፤ ቆብ አጠለቀችለት፤ ቀጭኗን የኦክስጅን ቱቦም አስተካከለችለት። ደብሪቱ ከቤት ያመጣችውን ባና፣ ከበጎቻችን ሱፍ የተሠራውን ያንን ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ከላይ ደረበችባቸው። በአሁኑ ሰዓት በሆስፒታልዎ በሥራ ላይ የሚገኘው ብቸኛ የሕፃን ማሞቂያ ጥሩሸዋ ናት። መብራት ቢጠፋ አትጠፋም፤ መለዋወጫ አትጠይቅም፤ ከአጥሚት በቀር ወጪ የለባትም። አንድ ጉድለት ብቻ አለባት። ከወለደች ጀምሮ ዓይኗን አልከደነችም፤ ሲደክማት ተነሥታ የምትተካት ሌላ ማሞቂያ የለችም።

አሁን፣ ክቡር ሆይ፣ ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

እርስዎ ማሞቂያዋን ሲያስወስዱ የጠበቁት ወግ የትኛው እንደሆነ አልጠፋኝም። በመንዝ እንግዳ ሲመጣ ከእሳቱ ዳር ይነሡለታል። ቁርና ጭጋግ ሲያንገላታው የዋለን ሰው «ጠጋ በል» ሳይሉ ከየት መጣህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ይህን ወግ እኔም በልቼበት፣ ሞቄበት ያደግሁ ስለሆነ አሳንሼ አላየውም። ይሁን እንጂ ከአባቶቻችን እንደተቀበልነው ከሆነ በጥድፊያ የተዘለሉ ሁለት ነገሮች ያሉ ይመስለኛል።

በመጀመሪያ፣ ከእሳቱ ዳር የሚነሣው ባለቤቱ ነው። ቀድሞ የተቀመጠ እንግዳ ተነሥ ተብሎ ለኋለኛው አይለቅም፤ ይህ ቢደረግ አገር ይስቃል፤ ከዚያ ቤትም ሰው ውኃ አይጠጣም። በቢሮዎ ጠረጴዛ ሥር ሌላ ማሞቂያ እንዳለች፣ ሰኞም ማክሰኞም በትጋት ስትሠራ እንደነበር፣ ያው የማይገጥመው በር መስክሮልኛል። እሷ ወደ አዳራሹ ብትሄድ ኖሮ ወጉ ያለ እንከን ይፈጸም ነበር። እግሮችዎ የቤቱ ባለቤት መሆናቸውን የነገራቸው ሰው አልነበረም ብዬ አልፌዋለሁ።

ቀጥሎ ደግሞ፣ እንግዳ ማን ነው? ሁለት እንግዶች በአንድ ምሽት ቢገጥሙ ሽማግሌዎቻችን ማንን እንደሚያስቀድሙ ያውቃሉ። ከሩቅ የመጣውን፣ የደከመውን፣ አገሩን የማያውቀውን ነው። የእርስዎ እንግዶች የተከበሩ ናቸው፤ ነገር ግን መኪና አላቸው፣ ካፖርት አላቸው፣ መንገዱን ያውቁታል፤ አበላቸውም ከፊታቸው ይሄዳል። ይህ ልጅ ዘጠኝ ወር ሙሉ በመንገድ ላይ ቆይቶ፣ ከሞቀ ቤት ወጥቶ፣ የመጨረሻው ዳገት ላይ ትንፋሽ አጥሮት የደረሰ ነው። ካፖርት የለውም። የሚያውቀው ሰው የለም። ቤቶች ለማለት እንኳ አቅም አጣ። እንዲህ ያለውን መንገደኛ ከደጃችን ወድቆ ብናገኘው ምን እናደርግ ነበር? አንሥተን ከእሳቱ ዳር እናስተኛዋለን፤ እንዳይቃጠልም ከፍሙ ራቅ እናደርገዋለን፤ በጥቂት በጥቂቱ እናቀምሰዋለን፤ ውሻውን ዝም እናሰኛለን፤ ጎረቤቱ ሊያየው ሲመጣ «ተዉት፣ ይረፍ» ብለን ከበሩ እንመልሳለን። ዶክተር ቤተል በስንት ዓመት ትምህርት ጽኑ ሕክምና ብላ የያዘችው ይኸው ነው። እኛ እንግዳ መቀበል እንለዋለን።

ስለዚህ ከስብሰባው በኋላ ትመለሳለች የተባለችው ማሞቂያ፣ ዛሬ ረቡዕ ነውና፣ ወደ ሙቀት ክፍሉ እንድትመለስ፣ ድምፅ ማጉያውም ሌላ ሚስማር እንዲፈለግለት በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ። ማሞቂያዋን ማንቀሳቀስ የማይቻል ከሆነ ግን ሌላ ሐሳብ አለኝ። ሕፃኑን ከነእናቱ ወደ አዳራሹ እናዛውራቸውና በባነሩ ሥር በክብር እንግድነት ይተኙ። ባነሩም የሚለውን ሲያደርግ ይታያል።

ባለሥልጣን ሲመሰገን ደስ እንደሚለው ስለማውቅ፣ መልስዎን ሳልጠብቅ እጅ እነሣለሁ። እግዚአብሔር ዕድሜዎን እንደ ስብሰባዎችዎ ያርዝምልኝ፤ እርስዎም አንድ ቀን ደክሞዎት ከማያውቁት ደጅ ሲደርሱ፣ ቤቶች ለማለት አቅም ቢያጡ እንኳ፣ ከእሳቱ ዳር የሚነሣልዎት ባለቤት ይስጥዎት።

በብርዱ የጸናሁ፣ በጭጋጉ ያልጠፋሁ፣ የክቡርነትዎ አመስጋኝ፣
መርስዔ ኃዘን
ጡረተኛ መምህር፣ አፋፍ ማርያም

ግልባጭ፦
ለሙቀት ክፍሉ፣
ለአዳራሹ (ሞቆት ያነበዋል)፣
በመንገድ ላይ ለሚገኘው መለዋወጫ።

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ የማክሰኞው መድረክ ዘገባ በሆስፒታሉ የፌስቡክ ገጽ ላይ መውጣቱን ሰዎች አሳዩኝ። «መድረኩ በእናቶች ደማቅ እልልታ ተከፍቷል» ይላል፤ ፎቶው ወንበሮቹንና ማሞቂያዋን ያሳያል። ለታሪክ ትክክለኛነት ያህል፣ እልልታው የአንዲት እናት ነው። ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልጁ ጥሩሸዋ ደረት ላይ እንደተኛ ዓይኑን ገልጦ፣ ያለ ድምፅ ማጉያ፣ ቤቶች አለ። በአጭሩ አለቀሰ። ዶክተር ቤተል፣ «ጥሩ ምልክት ነው፤ ግን ገና ነው፤ እንዴት እንደወጣ እያደገ ሲሄድ ነው የምናውቀው፤ አሁንም አይብረደው» አለች። ደብሪቱ አምስት እልልታ ቀርቷት ነበር። ሙቀት ክፍሉ አጠገብ ጩኸት ክልክል ስለሆነ፣ እርስዎ ለእንግዶቹ የሚደረበውን በርኖስ ይዘው ከግቢው በር ላይ ቆመው ሳለ፣ እሷ አዳራሹ ገብታ፣ ማይክራፎኑ መጥፋቱን አይታ፣ በሩን ዘግታ አምስቱንም እዚያ አደረሰችው። የረበሸችው ሰው አልነበረም። ዛሬ ጠዋት ፈንታን ማሞቂያዋን መልስልን ብዬ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ ከስብሰባው በኋላ መልስ ነው የተባልኩት፤ ስብሰባው ደግሞ አልተደረገም» አለኝ። እንግዶቹ ጭጋጉ መንገድ ዘግቶባቸው ከሞላሌ ከተማ ተመልሰዋል።